ስኳር ሲወርድ፦ አንጎል የራሱን አደጋ ለምን አያይም?

በአንድ ስሌት እንጀምር። አሁን፣ ይህን በምታነቡበት ደቂቃ፣ በመላ ሰውነታችሁ በሚዘዋወረው ደም ውስጥ ምን ያህል ስኳር ያለ ይመስላችኋል? አንድ ብርጭቆ? አንድ ጭልፋ? የአንድ ጎልማሳ ሰው ደም በግምት 5 ሊትር ነው። ጤነኛ ሰው ጠዋት ምግብ ሳይቀምስ ሲለካ በእያንዳንዱ ዴሲ ሊትር (100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው) ደሙ ውስጥ ከ70 እስከ 100 ሚሊ ግራም ያህል ግሉኮስ ይገኛል። ለስሌቱ 90ን እንውሰድ። 5 ሊትር 50 ዴሲ ሊትር ነው፤ 50 በ90 ሲባዛ 4,500 ሚሊ ግራም ይመጣል። አራት ግራም ተኩል። በቃ! አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ብትሉት ብዙም አትሳሳቱም። ብዙዎቻችን በአንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ የምንጨምረው ከዚያ ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ይህችን ማንኪያ ስኳር ማን እንደሚጨርሳት እንይ። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አርፈን በተቀመጥንበት ከምናወጣው ኃይል ግን 20 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል። በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም ግሉኮስ ይፈልጋል፤ በሰዓት ወደ 5 ግራም ማለት ነው። ጡንቻ ስኳር ሲያጣ ስብ ያቃጥላል፤ አንጎል ግን ስብን በቀጥታ ማቃጠል አይችልም። (ለቀናት ስንራብ ጉበት ከስብ የሚሠራውን ኬቶን የሚባል ነገር መጠቀም ይለምዳል፤ ይህ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ለድንገተኛ ችግር አይደርስም።) ይህ ነው የሚባል የራሱ ጎተራም የለውም። ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ደም ውስጥ ያለው 4.5 ግራም፣ አንጎል ብቻውን በሰዓት የሚፈልገው 5 ግራም። ማንም ካልሞላው አንድ ሰዓት እንኳ አያደርስም።

ታዲያ ቁርስ የዘለለ ሰው ለምን ክፍል ውስጥ አይወድቅም? መልሱ ጉበት ነው። ጉበት ከምግብ የተረፈውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ አጠራቅሞ ይይዛል፤ በደንብ ከተበላ በኋላ ወደ 100 ግራም ሊደርስ ይችላል። ደም ውስጥ ያለው ሲቀንስ በጥቂት በጥቂቱ ይለቅቃል። ክምችቱ ሲያልቅ ደግሞ ከፕሮቲን ቁርጥራጮችና ከስብ ከሚገኝ ግሊሰሮል አዲስ ግሉኮስ ይሠራል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ጤነኛ ሰውም ሆነ ረመዳንን ከንጋት እስከ መግሪብ የሚጾም ጤነኛ ሰው ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ ስኳሩ ግን አደጋ ወዳለበት ቦታ አይወርድም። ስለዚህ የስኳር በሽታ የሌለበት ጓደኛችሁ ሁለት ሰዓት ላይ «ስኳሬ ወረደ» ሲላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ርቦታል ማለት ነው፣ ወይም ውኃ ጠምቶታል። እንዲበላ ንገሩት።

በኢንሱሊን የሚኖር ጓደኛችሁ እንደዚያ ሲላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የተቆረጠው ሽቦ

ኢንሱሊን በቆሽት ውስጥ የሚመረት ሆርሞን ነው። ሥራው ስኳርን ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ማስገባት፣ ጉበትንም «አሁን አትልቀቅ» ማለት ነው። በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሰውነት የመከላከያ ኃይል ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሴሎች ያጠፋቸዋል። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ወይም በወጣትነት ነው፤ ከረሜላ በመብላት የሚመጣም አይደለም።

ከ1922 በፊት ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ዕድሜው በወራት፣ ቢበዛ በጥቂት ዓመታት ይቆጠር ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ወር፣ ካናዳ ውስጥ ቶሮንቶ ከተማ፣ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ከከብት ቆሽት የተጨመቀ ኢንሱሊን ተወጋና ተረፈ። የፍሬድሪክ ባንቲንግ፣ የቻርለስ ቤስት፣ የጄምስ ኮሊፕና የጆን ማክላውድ ሥራ ነበር። ግን እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሌላም ነገር ታየ። ኢንሱሊን የተወጉ ጥንቸሎች ስኳራቸው በጣም ሲወርድ ይንፈራገጡና ራሳቸውን ይስቱ ነበር፤ ግሉኮስ ሲሰጣቸው ደግሞ ብድግ ይላሉ። ዛሬ በሲሪንጅ ላይ የምናየው «ዩኒት» የሚባለው መለኪያ መጀመሪያ የተተረጎመው በዚሁ ነው፦ የጥንቸልን ስኳር እስከዚህ የመንፈራገጥ ደረጃ ድረስ በሚያወርደው መጠን። መድኃኒቱና አደጋው አብረው ነው የተወለዱት ማለት ይቻላል።

ምክንያቱን ለመረዳት ጤነኛ ሰውነት ስኳር ሲወርድበት ምን እንደሚያደርግ ማየት ነው። ቁጥሮቹ ከሰው ሰው ትንሽ ይለያያሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይህን ይመስላል። ወደ 80 ሲጠጋ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ይቀንሳል። ከ70 ትንሽ ዝቅ ሲል ያው ቆሽት ግሉካጎን የሚባል ሌላ ሆርሞን ያወጣና ጉበትን «ልቀቅ!» ይለዋል። በዚያው አካባቢ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ። ይህ ሁሉ ሳያግዝ ወደ 55 አካባቢ ሲደርስ ሰውየው ራሱ ይሰማዋል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። ወደ 50 ሲጠጋ ማሰብ ይከብደዋል።

እንግዲህ ኢንሱሊን የሚወጋውን ሰው አስቡት። አንዴ ከቆዳው ሥር የገባ ኢንሱሊን ስኳሩ ወረደም አልወረደም ሥራውን ይቀጥላል፤ «ተው» የሚለው የለም። የመጀመሪያው መከላከያ የለም ማለት ነው። በሽታው ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ግሉካጎንም ለስኳር መውረድ መልስ መስጠቱን ይተዋል። ሁለተኛውም የለም። የቀረው አድሬናሊን ነው። እሱም ቢሆን ስኳር ደጋግሞ የሚወርድበት ሰው ላይ ይለምደዋል፤ ትናንት ወርዶበት ከነበረ ዛሬ ደወሉ ዝግ ብሎ ነው የሚጮኸው። እንዲህ ያለ ሰው ሳይንቀጠቀጥና ሳያልበው በቀጥታ ወደ መደናገር ሊገባ ይችላል። (ደስ የሚለው፣ በሐኪም ክትትል ለጥቂት ሳምንታት ስኳሩ እንዳይወርድ ማድረግ ከተቻለ ደወሉ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።)

ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። አደጋውን ማወቅ ያለበት አካል አንጎል ነው፤ ስኳር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደክመውም አንጎል ነው። እሳቱ የተነሳው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ነው ይህ ጽሑፍ ከታማሚው ይልቅ አጠገቡ ለምትቀመጡት ለእናንተ የተጻፈው።

ምን ታያላችሁ?

ምልክቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የአድሬናሊን ናቸው፦ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የፊት መገርጣት። ፈተና ሊገባ የተቃረበ ተማሪም እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ሆርሞኑ ያው ነው። ጠቃሚ ልዩነት የሚሆነው «ማነው?» የሚለው ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ከሆነ ፈተናውን እርሱትና ስኳሩን አስቡ።

ሁለተኛዎቹ የአንጎል ናቸው፣ ሰው የሚያሳስቱትም እነሱ ናቸው። ዝም ያለ ሰው በድንገት ይነጫነጫል። ሁሌ ሒሳብ የሚሠራው ልጅ ሰባት ሲደመር ስምንት ይጠፋበታል። አንደበቱ ይጎተታል፣ ያየውን ብዥ ይልበታል፣ ራሱን ያመዋል፣ ከንፈሩ ይደነዝዛል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል። መምህሩ «ዛሬ ምን ነካው፣ ተኛ እንዴ?» ይላል። መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ «ሰክሯል» ብለው ጥለውት ይሄዳሉ። ይህ ስህተት ሰው ይገድላል። በእርግጥ ጠላ ወይም አረቄ ቀምሶ ከሆነ ጭራሽ ይባስ፤ ጉበት አልኮሉን ሲያስወግድ አዲስ ስኳር መሥራቱን ያቆማል፣ የአፉ ሽታም ሁሉንም ሰው ያሳስታል።

ሌሊት ላይ ከሆነ ምልክቱ በላብ የራሰ አንሶላ፣ ቅዠት፣ ጠዋት ላይ ራስ ምታት ሊሆን ይችላል። አብራችሁት ዶርም የምታድሩ ከሆነ ይህን ልብ በሉ።

መለኪያ ካለ ለኩ። ከ70 በታች «ወርዷል» ይባላል፤ ከ54 በታች ከሆነ አሳሳቢ ነው። ከሁሉ የከፋው ደረጃ ግን በቁጥር አይገለጽም፦ ሰውየው ራሱን መርዳት ሲያቅተውና ሌላ ሰው ሲያስፈልገው ነው።

መለኪያ ከሌለስ? ስትሪፕ ካለቀስ? (ያልቃል፣ ውድ ነው።) ወርዷል ብላችሁ ያዙት። ይህን ያህል ደፍሬ የምናገረው በሁለቱ ስህተቶች መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ ነው። ስኳሩ ሳይወርድ ትንሽ ስኳር ብትሰጡት ለአንድ ሁለት ሰዓት ከፍ ይልበታል፤ ከዚያ ያለፈ ጉዳት የለውም ማለት ይቻላል። ወርዶ ሳለ ካልሰጣችሁት ግን የምታጡት ጓደኛችሁን ሊሆን ይችላል።

15 ግራም፣ 15 ደቂቃ

ነቅቶ የሚያወራና መዋጥ የሚችል ሰው ከሆነ መድኃኒቱ ሱቅ ውስጥ አለ። ለትልቅ ሰው 15 ግራም የሚሆን ቶሎ የሚሠራ ስኳር ይሰጠዋል። በእኛ ቤት ዕቃ ሲተረጎም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት ነው። ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ወይም 300 ሚሊ ሊትር ከሚይዘው የለስላሳ ጠርሙስ ግማሹ፤ ግን ዳይት ወይም ዜሮ የሚባሉት አይሠሩም፣ ስኳር የላቸውማ! ለትንንሽ ልጆች ከዚህ ያነሰ ይበቃል፤ 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 10 ግራም ገደማ።

ከዚያ 15 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ባይኖርም ምልክቱ ካልለቀቀው፣ ያንኑ ድገሙት። 15 ደቂቃ የተባለው ስኳሩ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። በዚህ መሃል ሰውየው እንደራበው ጅብ ያገኘውን ሁሉ መብላት ያምረዋል፤ አይፈረድበትም፣ ግን ያን ያህል ከበላ በኋላ ላይ ስኳሩ ሰማይ ይነካል።

ቸኮሌት አትስጡ። ጣፋጭ ነው፣ ግን ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። እንጀራም፣ ዳቦም፣ ቆሎም ለዚህች ደቂቃ አይሆኑም፤ ተፈጭተው ስኳር እስኪሆኑ ይቆያሉ። የእነሱ ተራ በኋላ ነው። ስኳሩ ከተመለሰ በኋላ ቀጣዩ ምግብ ሩቅ ከሆነ ዳቦ ወይም እንጀራ ቢጤ ይቅመስ፣ እንደገና እንዳይወርድበት።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል። «ደህና ነኝ፣ ተወኝ!» ብሎ ሊጮህባችሁ፣ ብርጭቆውን ሊገፋባችሁ ይችላል። አትቀየሙ። የሚያናግራችሁ ስኳር ያጣው አንጎሉ ነው። አትከራከሩት፣ «ስኳርህ ወርዶ ነው» እያላችሁም አታስረዱት፤ ማስረዳቱ ለጤነኛ አንጎል ነው። ረጋ ብላችሁ «ይቺን ጠጣልኝ፣ ከዚያ እተውሃለሁ» በሉት። ብቻውን ግን አትተዉት፤ «መጸዳጃ ቤት ሄጄ ልምጣ» ቢልም አብራችሁት ሂዱ።

ራሱን ከሳተ

እዚህ ላይ ሕጉ ይገለበጣል። ራሱን የሳተ ወይም የሚንፈራገጥ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይገባም። ለስላሳም፣ ስኳር ውኃም፣ ማርም አይሆንም። መዋጥ ስለማይችል ፈሳሹ ወደ ሳንባው ይሄዳል። ስትረዱት ልታንቁት ትችላላችሁ።

በጎኑ አስተኙት፤ ምራቁ ወደ ውጭ እንዲፈስ፣ ትንፋሹም እንዳይዘጋ። የሚንፈራገጥ ከሆነ ጨምድዳችሁ አትያዙት፣ ጥርሱ መሃል ማንኪያ አትክተቱ፤ ዙሪያው ያለውን ወንበርና ድንጋይ ብቻ አርቁ። አካባቢያችን የለመደው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር መያዝ ነው። ከክፉ ልብ እንዳልመጣ አውቃለሁ፤ ግን ጭስ ስኳር አይሆንም፣ የሚያልፈውም ደቂቃ የአንጎሉ ነው። ወዲያው ለአምቡላንስ ደውሉ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ ባገኛችሁት መኪና በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አድርሱት። በር ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትሉት ዓረፍተ ነገር «ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል» ይሁን። እዚያ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጡታል፤ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዓይኑን ገልጦ «የት ነኝ?» ይላል። ግሉካጎን በመርፌ ወይም በአፍንጫ የሚሰጥበት መድኃኒትም አለ፤ እናንተ ያላችሁበት አገር ታማሚዎች ይዘውት የሚዞሩ ከሆነ የጓደኛችሁ የት እንደሚቀመጥ ቀድማችሁ ጠይቁት።

ኢንሱሊንስ? በፍጹም። «ስኳር በሽተኛ ነው፣ መርፌው ቦርሳው ውስጥ አለ» ብሎ የሚወጋ ደግ ሰው አይጠፋም። ወርዶበት ያለን ሰው ኢንሱሊን መውጋት ማለት ገደል አፋፍ ላይ ያለን ሰው መግፋት ነው።

ለምን ወረደ?

ሲረጋጋ ይህን አብራችሁት መመርመር ጥሩ ነው፤ ራሱ ላያስታውሰው ይችላልና ያያችሁትን ንገሩት። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከሦስት አንዱ ነው፦ ኢንሱሊን በዛ፣ ምግብ አነሰ ወይም ዘገየ፣ እንቅስቃሴ በዛ።

የምሳ ነገር በተለይ። እኛ ጋ ብዙዎች የሚወጉት ኤንፒኤች የሚባለው፣ ብዥ ያለ መልክ ያለው ኢንሱሊን ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ኃይሉ የሚበረታው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተወጋ ልጅ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ድረስ መርፌው እየሠራበት ነው። ምሳ የዘለለ፣ ወይም ምሳው እስከ 9 ሰዓት የቆየበት ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ለዚህ ነው ክፍለ ጊዜው አላለቀም ተብሎ ምግብ መከልከል የሌለበት። ጾምም እንደዚሁ፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ሳይነጋገር አይጀምረው። ክርስትናውም እስልምናውም ለታመመ ሰው በር አላቸው።

ኳስ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ለማስገባት ኢንሱሊን እንኳ አይጠብቅም፣ በራሱ በር ከፍቶ ይወስዳል። ጨዋታው ካለቀ በኋላም የተጠቀመበትን ክምችት ለመሙላት ለሰዓታት፣ አንዳንዴ እስከ 24 ሰዓት ድረስ መውሰዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የተጫወተ ልጅ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሊወርድበት ይችላል፤ ማንም ከኳሱ ጋር አያገናኘውም።

አያቶቻችሁም አሉ። ኢንሱሊን ባይወጉም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ክኒን የሚውጡ ሰዎች ስኳር ሊወርድባቸው ይችላል፤ ክኒኑ ቆሽትን «አምርት» እያለ ለረጅም ሰዓት ይገፋዋል። (ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ በአብዛኛው እንዲህ አያደርግም።) አያታችሁ ምግብ አልበላም ብለው ክኒኑን ከዋጡና ነገር ከተደናገራቸው «እርጅና ነው» አትበሉ፤ ስኳር ውኃውን ስጧቸው። ተሽሏቸው ቢነሱም ሐኪም ቤት ውሰዷቸው፤ የክኒኑ ኃይል ከሰጣችኋቸው ስኳር በላይ ስለሚቆይ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድባቸው ይችላል።